ቁልፉና መዝገቡ፤ የሀበሻ ንግድ ስለ ምን አንድ በር ላይ ይቀራል?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ የዕለቱን ታማሚዎች ጨርሼ ልወጣ ስል፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት አስተናጋጃቸው ደግፋቸው ገቡ። የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሏል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ከጠዋት ጀምሮ ደንዘዝ እያሉ ይመለሳሉ። ለሐኪም ይህ የሚያሻማ ምልክት አይደለም።

«እትዬ፣ ዛሬ ሆስፒታል ማደር ይኖርብዎታል» አልኳቸው።

«ቁልፉስ?»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቱ ነዋ፣ ልጄ። ቅዳሜ እኮ ነው። ማታ ሒሳቡን ማን ይዘጋል?»

ለመንኳቸው፤ ተቆጣሁም። አስተናጋጇ ስድስት ዓመት አብራቸው እንደሠራች ነግራኝ ነበርና «ለዛሬ እሷ ትዝጋው» ብላቸው፣ ልጅቱን ቀና ብለው አይተው «ደግ ልጅ ናት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። የእኛ ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለአንባቢ መተርጎም አያስፈልገኝም። መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ ሆስፒታል አልገባም ማለታቸውን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ፈርመው ወደ ምግብ ቤታቸው ተመለሱ። (የታማሚ ምስጢር ስለሆነ ዕድሜውንም፣ ቀኑንም፣ ሌላውንም ምልክት ለውጫለሁ። ያልለወጥኩት ቁልፉን ብቻ ነው።) ከዚያ በኋላ የሆነውን በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና አርባ ማይል ያህል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ። የወገኖቻችን የስደት ታሪክ በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሱዳን በኩል የመጡት ቀደምቶቻችን መኪና ማቆሚያ ጠበቁ፣ ነዳጅ ቀዱ፣ ታክሲ ነዱ፣ አረጋውያንን አጠቡ። ትንሽ ሲቋቋሙ በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከኤርትራውያን ወንድሞቻችን ጋር ጎን ለጎን ምግብ ቤት ከፈቱ። ቀጥሎም እንጀራና ቅመም የሚሸጥበት ሱቅ፣ የጉዞ ወኪል፣ የግብር ሒሳብ መሥሪያ ቤት ተከተለ። ሳን ሆዜም የኮምፒዩተሩን ሥራ ተከትለው የሄዱት ያንኑ ደገሙት።

የተከፈተው ብዙ ነው። ሁለተኛ በር የከፈተው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሃያ ዓመት በአንድ በር፣ በአንድ ዓይነት የምግብ ዝርዝር፣ በአንድ ሰው ጉልበት የቆመ፣ ባለቤቱ ሲታመም የሚታመም፣ ባለቤቱ ሲሞት የሚሞት ንግድ ግን ሞልቷል። በየቡናው ላይ ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ሀበሻ ተባብሮ መሥራት አይችልም፣ ምቀኛ ነው» ይባልና ወደ ሁለተኛው ጀበና ይታለፋል። ይህ ምርመራ አይደለም፤ በራስ ላይ የተሰነዘረ ስድብ ነው። እኛ ሐኪሞች ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ነገር ቢኖር፣ መሣሪያ ከማንሣትህ በፊት የታማሚውን ታሪክ ጠይቅ የሚል ነው። የሀበሻን ንግድ ታሪክ ግን የሚጠይቅ ሰው አላገኘሁም። የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ዛሬ የአስተዳደር ስሕተት የምንለው ልማድ ሁሉ አንድ ቀን ትክክል ነበረ። ነጋዴውን ያዳነው ልማድ ነበረ። መድኃኒት ሆኖ የገባ፣ በሽታው ካለፈ በኋላ ግን ያልተቋረጠ ነገር ነው።

ስለ ጥንቱ ባጭሩ ልበል። በደጋው አገራችን የተከበረው አራሽ፣ ወታደርና ቄስ ነበር። ንግድ ለሌላው፣ በአብዛኛውም ለእስላም ወገናችን የተተወ ነበር፤ የእጅ ሥራማ ጭራሹን መሰደቢያ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ዐዋጅ አውጀው ሠራተኛን መስደብ መከልከል ግድ ሆኖባቸዋል። በዚያ ዘመን ንግድን እንደ አገር ጉዳይ አድርጎ ያሰበው ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እርሱም፣ የሙያ ባልደረባዬ ልበለውና፣ በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ነበር። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ጉምሩክን በቅርብ ያየ፣ በ1919 ገና በወጣትነቱ የተቀጨ ሰው ነው። ከሞተ በኋላ በ1924 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሀብት የሚገኘው ከዕውቀትና ሥርዓት ካለው ሥራ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ያም ሆኖ ትልልቁን ንግድ የያዙት ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ዐረቦች ነበሩ። በ1906 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆመ ነበር፤ አገሪቱ የራሷ ያደረገችው በ1931 ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1960 የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፣ የአክሲዮን ማኅበርና የሽርክና ሥርዓት ዘረጋ። ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ ከቤታችን ምስክር አለኝ።

አባቴ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔ በተወለድኩበት በ1968 ገደማ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥበት ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ። ዛሬ ሳስበው የሚደንቀኝ ሁለተኛ መክፈቱ አይደለም፤ የከፈተበት መንገድ ነው። ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። ግን እንዲሁ አልሰጠውም፤ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን መዝገብ ይዞ እንዲመጣ፣ ደሞዙን ከሱቁ ገንዘብ በፊርማ እንዲወስድ፣ ከመቶ ብር በታች ያለውን ዱቤ ሳይጠይቅ እንዲፈቅድ አደረገ። የንግድ ትምህርት የጨረሰ አንድ ጸሐፊም ቀጠረ። መዝገቡ ቀይ መስመር ያለው፣ ጀርባው በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ ነበር። አባቴ የአስተዳደር ትምህርት የሚባል ነገር አልቀመሰም፤ አራተኛ ክፍልም አልደረሰም።

የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በ1975 የመጀመሪያ ቀን ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተወረሱ። በፌብሩዋሪ ከሰባ በላይ ፋብሪካዎችና የንግድ ድርጅቶች ተከተሉ፤ በማርች የገጠር መሬት፤ በጁላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። ስለነዚህ ብዙ ተጽፏል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለወጣው፣ ለትንሹ ነጋዴ ግን ከሁሉ ስለከበደው ዐዋጅ ቁጥር 76 የሚያነሣ ጥቂት ነው። ዐዋጁ የግል ንግድን አልከለከለም። ያደረገው ጣሪያ መስቀል ነው። የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200,000 ብር፣ የጅምላው ከ300,000 ብር፣ የኢንዱስትሪው ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ፣ አንድ ሰውም ከአንድ የንግድ ሥራ በላይ እንዳይዝ ወሰነ። ልብ በሉ፤ ማደግ ራሱ በአንቀጽ ተለይቶ ጥፋት ሆነ።

አባቴ አንዱን ሱቅ መምረጥ ነበረበት። ጨርቁን መረጠ። ወንድሙ ኮምቦልቻን ዘግቶ ወደ አሰብ ሄደ፤ ለዓመታትም አልተነጋገሩም፤ ለምን እንደሆነ ልጆች ሳለን አልተነገረንም። ጸሐፊው ተሰናበተ። መዝገቡ ግን የት እንደገባ እኔ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እናቴ ቅጠል ቅጠሉን እየቀደደች ለቡና ከሰል ማቀጣጠያ አደረገችው። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል፤ አልከለከላትም። ያን ጊዜ ካፒታልህን የሚናገርብህ አንድ ምስክር ቢኖር መዝገብህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሒሳቡን በቃሉ ያዘ፤ ማን ስንት እንደተበደረ፣ የትኛው ጣቃ በስንት እንደተገዛ፣ ሁሉን። ግብሩ በግምት ስለሚጣል ሱቁን ጎደሎ ማስመሰል ተማረ፤ ከፊት መደርደሪያው ላይ ባዶ ካርቶን ይደረድር ነበር። ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። «ዐይንህ ከሚያየው በላይ አትያዝ» የሚለን ከዚያ ወዲህ ነው።

በቋንቋችን ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ልጅ ያባቱን ሀብት ሲቀበል «ወረሰ» እንላለን። መንግሥት የሰውን ሀብት ሲነጥቅም «ወረሰ» እንላለን። አንዱ ግሥ ለሁለቱም ያገለግላል። «ቤታችን ተወረሰ» ሲባል ያደገ ትውልድ ተኪ ስለማዘጋጀት ቢነገረው ጆሮው የትኛውን ውርስ ይሰማል? የሳን ሆዜው የሒሳብ ባለሙያ ለሀበሻ ደንበኛው ስለ ንግድ ውርስ ዕቅድ ሲያወራ፣ ደንበኛው ለምን ወንበሩን ወደ ኋላ እንደሚገፋ የሚያውቅ አይመስለኝም። በ1998 ከጦርነቱ ጋር ከአዲስ አበባ የተባረሩት የኤርትራ ተወላጅ ነጋዴዎች ደግሞ ያንኑ ትምህርት በሌላ መንግሥት እጅ ደግመው ተምረዋል። ዛሬ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የእኛ ጎረቤቶች ናቸው።

ለፍርድ ሚዛን እንዲሆን በዚያው ዘመን የተለየ መንገድ የያዘውንም ልጥቀስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ሲቋቋም ሥራ አስኪያጆቹንም አብራሪዎቹንም ያመጣው ቲ. ደብሊው. ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያን ሠልጥነው እንዲተኩ የሚጠይቅ ነበርና በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን፣ በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ቦታቸውን ያዙ። ሃያ አምስት ዓመት የፈጀ፣ ሳይቸኩል የተከናወነ የቁልፍ ርክክብ ነው። ደርግ በገባበት እጁ ድርጅቱ ሲንገዳገድ ደግሞ በ1980 ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ተሾሙ፤ ሥራው በንግድ መንገድ ብቻ እንዲመራ ተፈቀደላቸው። መንግሥት ከሞስኮ ጋር በተቃቀፈበት ወቅት ድርጅቱ በ1984 ከአሜሪካ ቦይንግ 767 ገዛ፤ አውሮፕላኑም ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ በረረ። ባለቤቱ ያው መንግሥት ነው፤ አገሩም ያው ሀበሻ ነው። የተለየው ነገር ባለቤቱ እጁን ከካዝናው ላይ ማንሣቱ ነበር።

እኔ በ1986 ለሕክምና ትምህርት ኪየቭ ስሄድ ይህን ሁሉ አላውቅም። ስጨርስ የላከችኝ መንግሥትም የተቀበለችኝ አገርም ፈርሰው ጠበቁኝ። በ1995 አሜሪካ ገባሁ፤ ፈተናውን ደግሜ ተፈተንኩ፤ ልምምዴንም ጨረስኩ። በ2004 ሳን ሆዜ ላይ የራሴን ትንሽ ክሊኒክ ከፈትኩ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም።

እያንዳንዱን ቼክ እኔ ፈረምኩ። የጓንትና የመርፌ ትእዛዝ እንኳ እኔ ካላየሁት አይሄድም። እንግዳ መቀበያው ላይ የአክስቴን ልጅ አስቀመጥኩ። ታማሚ ታንጓጥጣለች፤ ቀጠሮ ትረሳለች፤ ነገር ግን አንድ ቀን ቃል አልተናገርኳትም። ይሉኝታ ነው። ክፉ ቃል ብናገር አገር ቤት ያለችው አክስቴ ዘንድ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስላሁና ዝም አልኩ። ደሞዜን በቁርጥ አላወጣሁም፤ ሲያስፈልገኝ ከክሊኒኩ ሒሳብ እወስዳለሁ፣ ክሊኒኩ ሲጎድል ከኪሴ እጨምራለሁ። ስለዚህም በአምስት ዓመት ውስጥ አትርፌ ይሁን ከስሬ አንድ ቀን አላወቅኩም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመድን ድርጅቶች የሒሳብ ጥያቄ ነው። ለሠራነው ሥራ ገንዘብ የምንጠይቅበት ቅጽ የቀን ገደብ አለው፤ ገደቡ ካለፈ ሥራው በነጻ እንደተሠራ ይቆጠራል። ቅጾቹን ሌላ ሰው እንዲልክ አላመንኩምና በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተከማችተው አንድ ቀን ስከፍተው መሳቢያው አልከፈት አለኝ፤ ሞልቶ።

ይህ እንዳለ በ2007 ኦክላንድ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፈትኩ! ጎረቤት ከፈተ ሲባል ሰምቼ ነበር። ጠዋት ሳን ሆዜ፣ ከሰዓት ኦክላንድ፣ በመሐሉ 880 ላይ ቆሜ ስልክ እመልሳለሁ። ሁለት ቅርንጫፍ አልነበረኝም፤ በሁለት ከተማ የተቀደደ አንድ ሰው ነበርኩ። በ2009 ሁለቱንም ዘጋሁ። የምጨርሰውን ወረቀት ስፈርም ያየችኝ ጥቁር አሜሪካዊት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ስድስት ወር ብቻ የሠራችልኝ ሴት፣ «ዶክተር፣ ከማን ነው የምትደብቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከማንም አልደብቅም አልኳት። ማታ ቤቴ ስገባ ነው የአባቴ ባዶ ካርቶኖች ትዝ ያሉኝ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሀበሻ ነገር ነው» ሳይል አይቀርም። እንግዲያው ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደውን መንገድ ትተን የባሕረ ሰላጤውን ማዶ እንይ። ማውንቴን ቪው የተባለች ከተማ አለች። በ1956 ዊሊያም ሾክሊ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እዚያ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ትራንዚስተርን ከፈለሰፉት ሦስቱ አንዱ ነው፤ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከአገሩ የተመረጡ ወጣቶች ሰበሰበ። ሰውዬው ግን ማንንም አያምንም ነበር። ሁሉን ራሱ ይወስናል፤ ሠራተኛው ሐሳብ ሲያመጣ ይጠረጥራል፤ አንዴ በቤተ ሙከራው በደረሰ ትንሽ አደጋ ሳቢያ ሠራተኞቹን በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላስፈትን ብሎ እንደተነሣ ይነገራል። በ1957 ስምንቱ ጥለውት ወጥተው ፌርቻይልድን መሠረቱ፤ ከነርሱም ሁለቱ በ1968 ኢንቴልን አቋቋሙ። ሸለቆው ሁሉ ዛሬ ስሙ የሚጠራው ከዚያ ስደት በተወለዱ ኩባንያዎች ነው። የሾክሊ ቤተ ሙከራ ግን አንድ ጊዜም ትርፍ ሳያይ ጠፋ። ቁልፉን አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው በካሊፎርኒያም ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የሾክሊ ሠራተኞች ሌላ ቦታ ካፒታል የሚሰጣቸውና የማይወርሳቸው አገር ነበራቸው።

የሀበሻ ሰው አብሮ መሥራት አይችልም ለሚለው ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወር መዋጮዬ መልስ አለኝ። የዕድር አባል ነኝ። ዕድራችን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ጊዜያቸው ሲያልቅ ይወርዳሉ። ያለ ሁለት ፊርማ ከባንክ ገንዘብ አይወጣም። መተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈ ነው፤ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል፤ ሃምሳ ዶላር ብትጎድል ሰዓት የሚፈጅ ክርክር ይነሣል። ዳኛው ቢሞቱ (ሞተውም ያውቃሉ) ዕድሩ በዚያው ሳምንት ቀብራቸውን በሥርዓት ያስፈጽማል። ዕቁቡም እንዲሁ ነው፤ ዋስ ያስጠራል፣ ዕጣ ያወጣል፣ በቃል የማይታለፍ ደንብ አለው። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን አምኖ የተቀበለ፣ ገንዘብን ከሰው የለየ፣ ባለቤት የሌለው ግን ተጠሪ ያለው ድርጅት ማለት ይኸው ነው። አንድ ምግብ ቤት ባለቤት የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሳንቲም በሳንቲም ሲያስረዳ አይቻለሁ፤ በነጋታው ለራሱ ሱቅ ደረሰኙን ጫማ ካርቶን ውስጥ ይወረውራል። ዕውቀቱ አለን። የምንጠቀምበት ለሞት ብቻ ነው።

ለኑሮ የተጠቀሙበትም አልጠፉም። በ1991 በቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካፌ ኮሉቺን የከፈቱት ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተፈሪ ከምግቡ ጎን የቅመሙን ሥራ ለብቻው አቁመው ብሩንዶ በሚል ስም ለሌላም ገበያ አቅርበውታል። ይህ ቀላል የሚመስለው በርበሬው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ከመቁጠር ባሻገር ላላሰበው ሰው ነው። በርበሬ የሚዘጋጅበት ልክ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ሌላው በሚከተለው ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ዛሬ የተሸጠው ከትናንቱ ጋር አንድ አይሆንም። አብዛኞቹ ባለሙያ እናቶቻችን ግን «እጄ ያውቀዋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እጃቸው ያውቀዋል።

ያልተጻፈ ነገር ዋጋው የታየው በ2020 ነው። በማርች 16 የባሕረ ሰላጤው ወረዳዎች ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሲያዙ ምግብ ቤቶቻችን በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኑ። የፌዴራሉ መንግሥት ለትንንሽ ንግዶች ያወጣው ብድር የሚሰላው በወር የደሞዝ ወጪ ነበር፤ በአማካይ የሁለት ወር ተኩል ደሞዝ፣ በአግባቡ ከተጠቀሙበትም የማይመለስ። የደሞዝ መዝገብ የነበረው ወሰደ። ለአምስት ሠራተኛ በፖስታ ሲከፍል የኖረው ግን በመንግሥት ወረቀት ላይ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው፤ ያገኘውም በዚያው ልክ ነው። በዚያ ሰሞን ለሕመም ሳይሆን «ዶክተር፣ አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ ሠራተኛ እንዳለኝ ታውቃለህ» ለማለት የመጡ ነበሩ። አውቃለሁ። በእጃቸው በልቻለሁ። የእኔ ምስክርነት ግን ለባንኩ ምንም አይፈይድም። አንዱ ሰውዬ ከበሩ ሲወጡ ዞር ብለው፣ «የደበቅነው ለዚህ ቀን ብለን ነበር» አሉ፤ እየሳቁ ነው ያሉት።

ወደ እናታችን ልመለስ። ያን ቅዳሜ ወረቀት ፈርመው በወጡ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ምግብ ቤታቸው ውስጥ፣ ከሽሮው ምድጃ አጠገብ ወደቁ። ደም የተቋረጠው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ ከዚያ በላይ ግን ንግግራቸው ጠፋ። ይህ ሕመም የሚሰሙትን ሁሉ የሚረዱ፣ ለመናገር ሲሞክሩ ግን ቃሉ የማይመጣላቸው ሰዎች ያደርጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምግብ ቤቱ መዝገብ ያለው እዚያው ነበር፤ ጤፉ ከማን በስንት እንደሚመጣ፣ የቤት ኪራዩ ውል መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚበደር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሳን ሆዜ አጠገብ በአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ውስጥ አርባ ሰው የምታስተዳድር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር በጀት የምትፈርም ሴት ናት። ወደ እናቷ ማድ ቤት ግን ከሰሐን አጣቢነት በላይ ገብታ አታውቅም፤ እናቷ «አንቺ ተማሪ፣ ይህ የእኔ ነው» ይሏታል። ክሊኒኬ የመጣችው ባንኩ የጠየቃትን የሕመም ማስረጃ ፈልጋ ነው። ስጽፍላት ስልክ አውጥታ አሳየችኝ። የእናቷ ስልክ ነው። ከዚያ በስተቀር ያገኘችው መዝገብ የለም። ስሞቹን ወደ ታች እየገፋች አነበበችልኝ፤ «የጤፉ ልጅ»፣ «በርበሬ ሴትዮ»፣ «ሳክራሜንቶ ሥጋ»፣ «ቧንቧ ጳውሎስ»፣ «ቀጩ»፣ «እሱ»።

«እሱ ማን እንደሆነ ጠየቅኳት» አለችኝ። «እማዬ ታውቀዋለች። ዐይኗ ይነግረኛል። ግን አልወጣላትም፤ አለቀሰች።»

ልጅቱ ሁሉንም ተራ በተራ ደወለች። የጤፉ ልጅ የሦስት ወር ዱቤ እንዳለበት ንግዱን ነገራት፤ እውነት ይሁን ውሸት የምታረጋግጥበት ነገር የላትም፤ ከፈለችው። ቀጩ የሰርግ ግብዣ ቀብድ ከፍሏል። በመጨረሻ «እሱ» ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሡት ሽማግሌ የቤቱ ባለንብረት ነበሩ። ስሟን ነገረቻቸው፤ የእናቷን ስም ነገረቻቸው፤ ስለ ውሉ ልትጠይቅ እንደሆነ አስረዳች። ሰውዬው አንድ አፍታ ዝም ብለው፣

«ምነው፣ እሷ ራሷ ለምን አልደወለችም?» አሉ።